የአድራው ወተት

ካሪግ ዱቭ፣ የቅድስት ብሪጂድ በዓል ማግስት፣ 1893

ለዘመዴ ለሶርሃ፤

የማርያም ልጅ ከባሕሩም ከየብሱም ክፉ ይሰውርሽ። እኛ በእሱ ቸርነት አለን። ሲቤል ከፋሲካ በፊት ትወልዳለች ብለን እንጠብቃለን፤ ስለዚህ ዘንድሮ ቤቱ ውስጥ የምታዘው እሷ ናት።

የላክሽው ሰዓት ደረሰን። ሣጥኑ ሲከፈት መንደሩ ሁሉ እኛ ቤት ነበር። ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት፤ መጀመሪያ ሲመታ ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ እስከ ማታ አልወጣም። አባቴና አያትሽ የአጎት ልጆች ነበሩ፤ ዝምድናችን በገመድ ካልተጎተተ የሚደርስ አይደለም። አንቺ ግን ከባሕር ማዶ ሆነሽ አልረሳሽንም፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይሉ የለ።

ባቢንም ሰዓቱን ልታይ መጣች። አክስትሽን ታውቂያት የለ፤ ጆሮዋን ለጠፈችበትና «ቀለቡ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁልፉን አዙረሽ ትሞይዋለሽ እንጂ አይበላም ብላት፣ ሳይበላ የሚሠራ ነገር አላምንም ብላ ሄደች። ወተቷን ግን ሳትረሳ ነው። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አድራ ላይ፣ በረፋዱ የማለቢያ ሰዓት፣ አንድ ኩባያ የእሷ አይደል?

አድራ ስል ትዝ አለኝ፤ እሱንም ጡረታ አወጣሁት። ላሞቹ ጤዛው እስኪደርቅላቸው፣ ፀሐይዋ እስክትሞቃቸው፣ እንደ እመቤት ደስ ሲላቸው እስኪመጡ ድረስ ባልዲ ይዞ መጠበቅ ቀረ። አሁን ሰዓቱ ጠዋት ሲመታ ወጥቼ እነዳቸዋለሁ፤ እታለባለሁ ያለችም ያላለችም ትታለባለች። ቡሬ በማርች ስትወልድ እሷም ትለምደዋለች። ዓለም እንዲህ እየሄደ እኛ በላም ፈቃድ ልንኖር ነው?

ዘመድሽ ፌሂን

ፖርትላንድ፣ ማርች 4 ቀን 1893

ለተወደዱ ጋሼ ፌሂን፤

ለእርስዎም፣ ለሲቤልም፣ ገና ላልመጣውም እንግዳ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ በሳሙናው ተላጠ እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

ደብዳቤዎን ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ፣ በምሳ እረፍታችን ነው ያነበብኩት። ባቢን ሰዓቱን «ቀለቡ ምንድን ነው» ያለችው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ያበድኩ መስሏት ወንበሯን አራቀች።

አድራን ጡረታ አወጣሁት ያሉት ግን አላሳቀኝም። ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ። እዚህ ቀኑ የሚቆረጠው በፉጨት ነው። አንድ ፉጨት ያስገባናል፣ አንድ ፉጨት ያስወጣናል፤ በመካከሉ ላለው ጊዜ ስም ያወጣለት ሰው የለም። ጠዋት እንፋሎቱ ውስጥ ቆሜ አንሶላ ስጨምቅ፣ አሁን አገር ቤት ጤዛው ከሣሩ ላይ ለቀቀ፣ ፀሐይዋ የተራራውን ትከሻ አለፈች፣ ላሞቹ ማንም ሳይጠራቸው ወርደው የግንቡ ክፍተት ጋ ቆሙ እላለሁ። ያኔ አድራ ነው። ለዚያች ሰዓት ብቻ አገሬ እመለሳለሁ።

እኔ ራሴ የተወለድኩት በአድራ ነው፤ በጋ በሚገባበት ቀን፣ በሜይ መባቻ። እናቴ ያን ቀን ሞተች፤ ባቢን ተቀበለችኝ። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ ለምን እንደምጽፈው እንጃ። ልደቴ ሲቃረብ ሆዴ ይባባል።

የጎረቤታችን ልጅ ማክዳራ ጠቅልሎ ወደ አገር ሊገባ ነው። ለባቢን ግራጫ የሱፍ ሻል ይዞላት ይመጣል፤ ከሻሉ ጋር በቃል የላክሁላት መልእክትም አለ። እሱን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሲደርስ በራስዎ ደጃፍ ያዩታል።

ልጅዎ ሶርሃ

ካሪግ ዱቭ፣ ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ለሶርሃ፤

ጌታ ከሙታን የተነሣበት በረከት ይድረስሽ። ሲቤል ወንድ ልጅ ወለደች። ኮልማን አልነው። ሕፃኑ ደቃቃ ነው፤ የእናቱ ጡት ደርቆበታል፤ ስለዚህ ኑሮው በቡሬ ወተት ላይ ነው።

ቡሬ ደግሞ ወተቷን እየቋጠረች ነው። እናቷን ታስታውሻታለሽ፣ ባልዲው አይበቃትም ነበር። ይህችኛዋ ግማሽ ሳይሞላ ትጨርሳለች፤ ጡቷን ብትጎትች ድንጋይ ነው። የተረፈውን ሲቤል መናጫው ውስጥ ጨምራ ክንዷ እስኪዝል ብትንጥ አረፋ ብቻ ይሆናል እንጂ ቅቤ አይወጣውም። መተት እንዲያርቅ ከመናጫው ሥር የፈረስ ጫማ ብረት አኖርን፤ የገባ ሰው ሁሉ እንደ ደንቡ ሳይንጥ እንዳይወጣ አደረግን። ምንም ጠብ አላለም።

ባቢን ኩባያዋን ይዛ ትመጣለች፤ እሷስ አትቀርም። አዲሱን ሻሏን ተከናንባ ግንቡ ላይ ተደግፋ ቡሬን ታያታለች። ትናንት ጠዋት «ላሟ ተቀይማሃለች ፌሂን» አለችኝ። የእኔ ላም መቀየሟን እሷ በምን አወቀች? ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። ሲቤል ይህን ነገር ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የአሜሪካ ብረት ጠንካራ ነው ይባላል፤ ለበረቱ የሚሆን ጓጉንቸር ብትልኪልኝ።

ፌሂን

ፖርትላንድ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1893

ለጋሼ ፌሂን፤

እንኳን ማርያም ሲቤልን በሰላም አወጣቻት። ለኮልማን የማንጠግበው ዕድሜ ይስጠው፤ ስሙን ስሰማ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ጓጉንቸሩን ልኬዋለሁ፤ ሁለት መክፈቻ አለው።

ግን ለማን ነው የሚቆልፉት? ካሪግ ዱቭ ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚያድር ሰው እኔ አላውቅም። ሌባ ገባ እንዳልል፣ ሌባው ራሱ ከእኛ ወዲያ ማን ዘመድ አለው? ይሥቁ እንጂ ጋሼ፤ ደብዳቤዎ አንድም ቀልድ አልነበረበትም።

ባቢን ላሞችን ታውቃለች። የምትለውን ይስሟት፤ ስለ እኔ ሲሉም ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ሶርሃ

ካሪግ ዱቭ፣ የዕርገት በዓል ማግስት

ለሶርሃ፤

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ጓጉንቸሩ ደረሰ፣ በረቱ ላይ ገባ። ምንም አላዳነም። ሊሰርቅ የመጣው ነገር በበር የሚገባ አይደለም።

ኮልማን አልበረታም። ሌሊቱን ያለቅሳል፤ ጠዋት ሲደክመው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስ ያስፈራኛል። በሰው ፊት የማልለውን ለአንቺ ልበልሽ፤ ልጁን ላጣው ነው ብዬ እፈራለሁ።

ሁለት ሳንቲም ላኪልኝ። ወረቀት ገንዘብ አይሁን፣ መዳብም አይሁን። ከንጹሕ ብር የተሠራ ይሁን፤ ትልቅ ባይሆንም ግድ የለኝም። ሁለቱ ይበቁኛል። ምን ሊያደርግልህ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ።

ፌሂን

ፖርትላንድ፣ ሜይ 26 ቀን 1893

ለጋሼ ፌሂን፤

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይራቅ። ስለ ኮልማን ያሉት እንቅልፍ ነሣኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርቼለታለሁ።

ያሉኝን ሁለት የብር ሳንቲሞች በዚህ ጨርቅ ውስጥ ሰፍቻቸዋለሁ። አገር ቤት የማይመነዘር ገንዘብ ነው፤ ቢሆንም አትጠይቂኝ ብለውኛልና አልጠይቅም። ለሕፃኑ አንገት ማሰሪያ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። እንዲያ ከሆነ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። ስለ ባቢን አንድ ቃል አልጻፉም። ደብዳቤውን ገልብጬ ሁሉ አየሁት። ደህና ናት? እሷ መጻፍ እንደማትችል ያውቃሉ፤ ያለ እርስዎ ወሬዋን የምሰማበት ጆሮ የለኝም።

ሶርሃ

ካሪግ ዱቭ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ

ለሶርሃ፤

ብሩ ደረሰኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ውለታሽን ልጄ ካደገ ይከፍልሻል።

ስለ ባቢን ጠየቅሽኝ። ላልነግርሽ ነበር፤ ያሳደገችሽ ናት። ካነሣሽው ግን ስሚው።

በሜይ መባቻ ቀን ከቤት ምንም እንደማይወጣ አንቺም ታውቂያለሽ። እሳት ቢሉ እሳት፣ አመድ ቢሉ አመድ፣ ወተት ቢሉ ወተት፤ ያን ቀን የሰጠ የዓመት ቅቤውን ሰጠ ማለት ነው፤ ያን ቀን ሊለምን የሚመጣም የሚመጣበት ምክንያት አንድ ነው። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን፣ በአድራ፣ ቡሬን አልቤ ስገባ ባቢን ከላይ ክፍት ከሆነው ግማሽ በር ማዶ ቆማለች። ሻሏን ለብሳ፣ ኩባያዋን ይዛ፣ ፈገግ ብላ። የሰባ ዓመት ሴት ቀኑን ሳታውቅ ቀርታ ነው?

ዛሬ ምንም አይወጣም አልኳት። «ለእኔ አይደለም፣ ለሶርሃ ነው» አለችኝ። አየሽ? ልቤን ልታራራ ስምሽን ጠራች፤ አንቺ ባሕር ማዶ ያለሽውን። በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። ሲቤል ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጓዳ ገባች። ከውጭ አንድ ሁለቴ «ፌሂን፣ አንዴ ስማኝማ» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠችም።

ወተቱ ከዚያ ወዲህ ይባስ ብሎ ቀነሰ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?

የአባቴን ጠመንጃ ከጣራው ሥር አውርጄ ዝገቱን ጠረግሁት። ቁራው በዝቷል።

ፌሂን

ፖርትላንድ፣ ጁላይ 6 ቀን 1893

ጋሼ ፌሂን፤

ሰላምታውን ይለፉኝ።

የላክኋት እኔ ነኝ። በማክዳራ አፍ የላክሁት መልእክት ያ ነበር። በልደቴ ቀን አድራ ላይ ጋሼ ፌሂን ቤት ሂጂና ከቡሬ ወተት አንድ ኩባያ በስሜ ጠጪልኝ፤ ሁላችሁም ባላችሁበት ይሁን፤ ሳትነግሪያቸው ድንገት ግቢ፣ ይሥቁ፤ ብዬ። የቀኑን ሕግ ረሳሁት። እዚህ የሜይ መባቻ ማለት እንደ ሌላው ቀን ፉጨት ተነፍቶ የሚገባበት ቀን ነው። እሷ ግን አልረሳችም። እያወቀች የሄደችው እኔ ስላልኳት ነው፤ ደግሞም አባትዎን አስባ ነው። እኔ በተወለድኩ ቀን፣ በዚያው በሜይ መባቻ፣ እናቴ ስትሞት ባቢን ኩባያ ይዛ ወደ አባትዎ ደጅ ሮጠች። እሳቸው በሩን አልዘጉም። «ሕግም ለሰው ነው» ብለው የአድራውን ወተት ሰጧት፤ እኔ በሱ ነው ያደርኩት። ያን ዓመት ቅቤያችሁ አልጠፋም። ዘንድሮም የሳቸው ልጅ አይከለክለኝም ብላ ነው የመጣችው።

ወተቱ መቼ ነው መቀነስ የጀመረው? ልብ ይበሉ። ቡሬን ከጤዛው ላይ እየነዱ በሰዓቱ ማለብ ከጀመሩ ወዲህ አይደለም? ላም በራሷ ጊዜ ወርዳ ካልቆመች ወተቷን አትለቅም፤ ይህን ልጅ ሆኜ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ባቢን ተቀይማሃለች ያለችዎ ይህንኑ ነው። ሰዓቱን እኔ ነኝ የላክሁት። ከግድግዳው አውርደው ይስበሩት።

ትናንት ማታ ደብዳቤዎን ከእኛ ጋር ለሚያድሩት ለሽማግሌው ለባርትሊ አነበብኩላቸው። የአገራችን ሰው ናቸው። ሁለቱ የብር ሳንቲሞች ጋ ስደርስ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ አገር ብር የሚቀልጠው ለአንድ ነገር ነው። ላም ሥር ተጋድማ ለምትጠባ ጥንቸል። ጥንቸሏ በመተት የተለወጠች ሴት ናት ይላሉ፤ የእርሳስ ጥይት አይነካትም፣ ብር ብቻ ነው የሚመታት።» ጠመንጃውን ደግሞ አውርጄ ጠረግሁት ብለዋል። ቁራ በብር አይመታም፣ ጋሼ።

ደብዳቤ እስኪደርስ አልችልም ብዬ ዛሬ ጠዋት ሥራ ትቼ ቴሌግራፍ ቤት ሄድኩ። በእኛ ቋንቋ አልልክም አለኝ፤ በእንግሊዝኛ «ጥንቸሏ ላይ እንዳትተኩስ። ሶርሃ» ብዬ አስላክሁ። ጸሐፊው ሣቀ። የወር ደመወዜን ሰጠሁት።

ፌሂን፣ አንተዬ፣ አንቱታው ይቅርና እንደ ወንድም ልለምንህ። እናቴ እሷ ናት። ሌላ እናት አላውቅም። የልጅህ ነገር እንዳሳበደህ ይገባኛል፤ ከብር ሳንቲሙ ሐኪም ይሻላል፣ የሐኪሙን እኔ እልካለሁ። ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ሂድና በሯን አንኳኳ። ኩባያዋን ተቀበላት።

ሶርሃ

ካሪግ ዱቭ፣ ከቅዱስ ዮሐንስ በዓል በኋላ ሁለተኛው ቅዳሜ

ለዘመዴ ለሶርሃ፤

የአምላክ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን፤ ከእንግዲህ ከእኔ የሚደርስሽ ሰላምታ ይህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

ቴሌግራምሽን የፖስታ ቤቱ ሰው ትናንት ራሱ ይዞልኝ መጣ። አንብቦ ሲተረጉምልኝ ፀጉሬ ቆመ። ጥንቸል የሚል ቃል አንድም ቀን ጽፌልሽ አላውቅም። ቡሬ ሥር ተጋድማ ያየኋት እኔ ነኝ፤ የነገርኩትም ለሲቤል ብቻ ነው፣ እሱንም በጆሮዋ። ያንን አንቺ በሁለት ባሕር ማዶ ሆነሽ አወቅሽ፤ እንዳልተኩስም ለመንሽኝ። ማን ነገረሽ? በዚህ ዓለም ላይ ስለዚያች ጥንቸል ሕይወት የሚለምን ማን አለ? እስከ ትናንት ድረስ ልቤ በሁለት ሐሳብ ነበር፤ ብረሳው፣ ብተወው እል ነበር። የአንቺ ቴሌግራም ቆርጦ ሰጠኝ። አልወቅስሽም፤ ያሳደገ እጅ እሩቅም ይደርሳል።

ከረቡዕ ጀምሮ ከግንቡ ጀርባ እየተኛሁ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ጤዛው ደርቆ፣ ፀሐይዋ ትከሻውን አልፋ፣ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያይበት ሰዓት ነው። አድራ ነበር። ክፍተቱ ጋ፣ ቡሬ ከቆመችበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ግራጫ ነገር ከሣሩ ሥር ተኩራምታ አየሁ። ተንቀሳቀሰች። ተኮስኩ።

ስተኩስ ጥንቸል ነበረች፣ ሶርሃ። በልጄ ሕይወት እምልልሻለሁ፣ ጥንቸል ነበረች። ደርሼ ሳያት ነው ሻልሽን ለብሳ ያገኘኋት።

እኔን አይታ ስሜን ጠራች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣትም። ቄሱ ሳይደርሱላት ሞተች። ለዶሮዎቿ ቅጠል እየለቀመች ነበር ይላሉ ሰዎች፤ ሲቤልም ሽርጧ ውስጥ ቅጠል አየሁ ትላለች፣ ታለቅሳለች። እኔ ምን እንዳየሁ አውቃለሁ።

ማመን ካቃተሽ ይህን ስሚ። ግንቡ ሥር ስተኛ ሰዓቱን የሚሞላው ሰው ጠፍቶ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። ዛሬ ላሞቹን ማንም አልነዳቸውም፤ በራሳቸው ወርደው ክፍተቱ ጋ ቆሙ። ሲቤል እዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ቡሬን ካለችበት ብታልባት ባልዲው እስከ አፉ ሞላ። ያንን ያህል ወተት ዘንድሮ አላየንም። ኮልማን ጠግቦ ተኛ። መተቱ ከሷ ጋር ካልሄደ፣ በምን ተመለሰ?

ፖሊሶቹ በባሕሩ ዳር መንገድ ሲመጡ ይታዩኛል፤ ይህን ለሲቤል ሰጥቼ ወደ እነሱ እወርዳለሁ። አትሰወሪባት፤ ልጁንም ጠይቂልኝ። ቂም እንዳልያዝኩብሽ እንድታውቂው፣ ከዛሬው የአድራ ወተት አንድ ኩባያ በስምሽ አስቀምጪ ብያታለሁ። መስኮቱ ላይ ነው።

ዘመድሽ ፌሂን